አደራና ሒሳብ፤ የኢትዮጵያ ፖስታ በሕዝብ ዓይን

ከሞጆ ተገንጥሎ በቆቃና በዓለም ጤና በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው መንገድ መቂ ከተማን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። ከጉራጌ ተራሮች የሚነሣው የመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ እንደሚፈስስ ሁሉ የሰዉም የዕቃውም ጉዞ በዚህ መንገድ ላይ ሲፈስስ ይውላል። ጎሕ ሲቀድ ቲማቲምና ሽንኩርት የጫኑ መኪናዎች ወደ አዲስ አበባ ይሰለፋሉ። ከዚህ ጭነት ጋር ግን በሚዛን የማይለካ ሌላ ጭነት አብሮ ይጓዛል። እናት አዲስ አበባ ለምትማር ልጇ የቋጠረችውን በሶ ለሹፌሩ ትሰጣለች። ነጋዴው ደረሰኝ፣ ተማሪው የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ባለቤቱ ቁልፍ ያስይዛል። ለዚህ ሁሉ ቴምብር አይለጠፍም፤ ማኅተም አይመታም፤ ቁጥር አይጻፍም። ሰጪው ለተቀባዩ የሚናገረው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «አደራ!»

በዚያው መንገድ ላይ አንድ ወጣት ስለ ፖስታ ቤት ቢጠየቅ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይሆናል፤ «ፖስታ ቤት ዛሬም አለ እንዴ?» ይህ ጥያቄ የመቂ ብቻ አይደለም። በአዳማም በሻሸመኔም ይሰማል። በአዲስ አበባ በዋናው ፖስታ ቤት ስም የሚጠራ ሰፈርና የታክሲ ማቆሚያ አለ። በየቀኑ «ፖስታ ቤት ወራጅ!» እያለ ከታክሲ የሚወርደው ሕዝብ ቁጥር የለውም፤ ከእነዚህ መካከል ግን ወደ ሕንጻው ገብቶ አንድ ደብዳቤ የጣለ ስንት ይሆን?

በዚህ አጭር ጥያቄ ውስጥ ፍርድ አለ። የሒሳብ ባለሙያው ፍርዱን በገቢና በወጪ ዓምድ ይጽፈዋል፤ ሕዝቡ ግን በአነጋገሩ ይገልጸዋል። ሁለቱ መዝገቦች ስለ አንድ ተቋም የሚናገሩ ቢሆኑም ድምራቸው አይገጥምም። ለምን እንደማይገጥም ለመረዳት ነገሩን ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል።

፩. የአንድ ደብዳቤ ዋጋ

በኢትዮጵያ ደብዳቤ ከፖስታ ቤት በፊት የቆየ ታሪክ አለው። በቀድሞው ዘመን መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ፣ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ይዞ ተራራና ቆላውን ያቋርጥ ነበር። ዘንጉ ወረቀቱን ከላብና ከእድፍ ይጠብቀዋል፤ ተሸካሚውም የሰው አደራ የያዘ መንገደኛ መሆኑን ከሩቅ ያስታውቃል።

የዚህ አደራ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1855 ዓ.ም. መባቻ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ረጅሙን የየብስና የባሕር ጉዞ ጨርሶ በ1863 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለንደን ገባ። በዚያም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ቴዎድሮስ ዝምታውን በንቀት ተረጎሙት። ቆንስሉን ካሜሩንንና ሌሎችንም አውሮፓውያን አሰሩ። ከዚያ የሆነው ይታወቃል። የእንግሊዝ ጦር መጣ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ፤ መጻሕፍቱና ቅርሱም ተዘርፎ ተጋዘ።

ለዚህ ጦርነት ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት። ይሁን እንጂ መልስ ያጣ አንድ ደብዳቤ በአንድ አገር ታሪክ ላይ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ደብዳቤ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ላኪው ሰሚ አለኝ ብሎ ያኖረው እምነት ነው። የመልእክት ሥራ ዋጋም በመጀመሪያ የሚለካው ይህ እምነት በመጠበቁ ወይም በመጓደሉ ነው።

፪. የሉዓላዊነት ማኅተም

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ ነገሮችን አስጀመሩ። አንደኛው ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ መሐል አገር ለሚዘረጋው የምድር ባቡር የተሰጠው ፈቃድ ነው። ሁለተኛው የፖስታ አገልግሎት ነው። በሁለቱም ጉዳይ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ በዓይነትም ሰባት ነበሩ። በአራቱ ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው ላይ የምኒልክ መልክ፣ በሦስቱ ከፍተኛ ዋጋ ባላቸው ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። ጽሑፋቸው በግዕዝ ፊደል ነበር።

ይህች ትንሽ ወረቀት ከገንዘብ ዋጋዋ የበለጠ ትርጉም ነበራት። አፍሪካ ተከፋፍላ፣ የአህጉሪቱ አብዛኛው ደብዳቤ የአውሮፓ ገዢዎችን ቴምብር ለጥፎ በሚሄድበት ዘመን የራስን መልክና የራስን ፊደል በቴምብር ላይ ማተም የሉዓላዊነት አዋጅ ነበር። አዋጁ ግን ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች ቴምብሯ ከድንበር ባሻገር አይታወቅም። ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ከኢትዮጵያው ቴምብር ሌላ ለባሕር ማዶው ጉዞ የፈረንሳይ ቴምብር ያስፈልገው ነበር። የፈረንሳይ ፖስታ ቤቶችም በሐረር፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ ተከፍተው ነበር።

ኢትዮጵያ በጥቅምት 1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል በሆነች ጊዜ ይህ ሁኔታ አበቃ። የውጭዎቹ ፖስታ ቤቶች ተዘጉ፤ የኢትዮጵያ ቴምብር ያለ ሞግዚት ባሕር ተሻገረ። በበርን ከተማ በ1874 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው በዚህ ኅብረት ሕግ መሠረት አባል አገሮች ሁሉ እንደ አንድ የፖስታ ግዛት ይቆጠራሉ፤ አንዱ የተቀበለውን ደብዳቤ ሌላው የማድረስ ግዴታ አለበት። ይህም ማለት ኢትዮጵያ በአደባርዋ ላይ ላረፈው የማንኛውም አገር ደብዳቤ ኃላፊነት ወሰደች ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ፖስታው ከልደቱ ጀምሮ በሁለት ጌቶች የሚታዘዝ ነበር። በአንድ በኩል የመንግሥት ክብር መግለጫ ነው፤ ክብር ደግሞ ትርፍ አይጠየቅበትም። በሌላ በኩል ገቢ ይጠበቅበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ብዙዎቹ ደብዳቤ ጽፈው በማያውቁ የአውሮፓ ቴምብር ሰብሳቢዎች እጅ የገቡት ለዚህ ነው። ሰፊው ሕዝብ በሁለቱም ሒሳብ ውስጥ አልነበረም። ለገበሬው ወረቀት ማለት በአብዛኛው ክስ፣ ጥሪ ወይም ግብር ነበር። «ወረቀት መጣብኝ» የሚለው አነጋገር የዚያን ዘመን ስሜት ዛሬም ይዞ ይገኛል፤ ወረቀት የሚመጣው በሰው ላይ እንጂ ለሰው አልነበረም።

፫. መምህሩ ፖስተኛ

ወረቀት «ለሰው» መምጣት የጀመረው ሰው ከቀዬው ርቆ ለሥራ መሰደድ በጀመረ ጊዜ ነው። የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ታሪክም ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። አዳማና ሞጆ የባቡር ጣቢያ ከተሞች ሆኑ። ሞጆ ደግሞ ወደ ደቡብ ለሚወርደው መንገድ በር ሆነች፤ መቂን፣ ዝዋይንና አዳሚ ቱሉን የመሳሰሉት ከተሞች በዚሁ መንገድ ዳር አደጉ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ሳይቀር ሠራተኛ ወደዚህ ሸለቆ ጎረፈ። በመቂና በዝዋይ ዙሪያ የተስፋፋው የመስኖ እርሻም እንዲሁ የብዙ አካባቢ ሰው አሰባሰበ።

ይህ ሠራተኛ ቤተሰቡን ትቶ የመጣ ነው። ናፍቆት አለው፤ የሚልከው ጥቂት ገንዘብ አለው፤ የሚጽፍበት ፊደል ግን የለውም። ስለዚህ ወደ ጸሐፊ ይሄዳል። በፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ፣ በሱቅ በረንዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በትምህርት ቤት ጥግ አንድ ብዕር የያዘ ሰው አይታጣም። «ይድረስ ለውድ አባቴ» ብሎ ይጀመራል፤ «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። ከዚያም ስለ በሬው፣ ስለ እኅት ጋብቻ፣ ስለ ተላከው ብር ይጠየቃል።

በዚህ አካባቢ የሥራው ክብደት እጥፍ ነበር። ብዙው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ፣ ከደቡብ የመጣው ሠራተኛም የየራሱን ቋንቋ ሲሆን፣ የሚጻፈው ግን በአማርኛ ነበር። ስለሆነም አንድ ደብዳቤ በላኪው አፍ በኦሮምኛ ይነገራል፤ በጸሐፊው እጅ አማርኛ ይሆናል፤ በተቀባዩ መንደር ደግሞ አንድ ሌላ አንባቢ መልሶ በኦሮምኛ ይናገረዋል። የእናት ምርቃት ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ ለልጇ ይደርሳል። በመንገዱ ምን ያህሉ እንደ ጠፋ የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ይህን ሸክም ተሸክሞ ደብዳቤ መላኩን አላቋረጠም።

ሌላም ችግር ነበር። በኢትዮጵያ ቤት ለቤት የሚዞር የፖስታ ሥርዓት አልተስፋፋም። አገልግሎቱ የቆመው በመልእክት ሣጥን ቁጥር ላይ ነው፤ ሣጥን ደግሞ መከራየት የሚችለው መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የሃይማኖት ተቋም ወይም ነጋዴ ነው። ስለዚህ የደብዳቤ አድራሻ ረጅም ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ሣጥን ቁጥር፣ ከዚያ «በመምህር እገሌ በኩል»፣ ከዚያ የተማሪው ስም፣ ከዚያ «ለአባቱ ለአቶ እገሌ»። የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ከፖስታ ቤት የሰበሰበውን ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ጧት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ስም ይጠራል። የተጠራው ልጅ ደብዳቤውን በደብተሩ መካከል አድርጎ፣ አንዳንዴም የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሩ ሄዶ፣ ለአባቱ ጎረቤት ያደርሳል፤ ከዚያም ራሱ ያነብብለታል።

የፖስታ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ቴምብሩና ስለ ሕንጻው ነው። ትልቁ ምሥጢር ግን እዚህ ላይ ነው። ከፖስታ ቤቱ መስኮት እስከ ገበሬው ደጃፍ ያለውን፣ በሌላው ዓለም ከሥራው ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቀውን የመጨረሻ ጉዞ፣ በኢትዮጵያ ያለ ደመወዝ የተሸከመው ኅብረተሰቡ ራሱ ነው። መምህሩ፣ ተማሪው፣ ባለሱቁ፣ ቄሱና ሼኹ ያልተመዘገቡ ፖስተኞች ነበሩ። ይህ ጉልበት በየትኛውም ዓመታዊ ሒሳብ ላይ እንደ ገቢ አልተጻፈም። ሕዝቡ ፖስታን «የእኛ» ማለት የጀመረውም ሥራውን በጉልበቱ ተካፍሎ ስለ ነበር ነው።

በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሰማሩ ደብዳቤው አቅጣጫውን ለወጠ፤ የከተማ ወላጅ ከገጠር ደብዳቤ መጠበቅ ጀመረ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ጸሐፊ ሳይለምን ስሙንና ናፍቆቱን በራሱ እጅ የሚጽፍ ሰው አፈራ። በኦጋዴንና በሰሜኑ ጦርነት ዓመታትም ወታደሩ ከምሽግ፣ እናቱ ከመንደር ይጻጻፉ ነበር። በስንቱ ቤት ሣጥን ውስጥ ከልብስ በታች ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ቀጣዩ ያልመጣለት የመጨረሻ ደብዳቤ እንዳለ ቤተሰቡ ብቻ ያውቃል።

ነገር ግን የአደራው ታሪክ ንጹሕ ብቻ አይደለም። በዚያው ዘመን ፍርሃትም አብሮ አደገ። ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ ሲደርስ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የእጅ ጽሑፉን ሳይሆን የፖስታውን ክዳን ነበር፤ «ከእኔ በፊት ሌላ ዓይን አይቶት ይሆን?» ይላል። ስለዚህ ጸሐፊው በዝምድና ስምና በእርሻ ወሬ እየሸፈነ፣ ሁሉን ሳይሆን ከፊሉን ይጽፋል። በስደት ያለው ዘመድ የሕጉን ክልከላ አልፎ በተራ ደብዳቤ ውስጥ የላካት የገንዘብ ወረቀት ሳትገኝ ስትቀር፣ ማን እንደ ወሰዳት ባይታወቅም፣ ጥርጣሬው በተቋሙ ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው በፖስታ ከመላክ «በእጅ» የሚል ጽሕፈት አኑሮ በመንገደኛ መላክን የመረጠው ያን ጊዜ ነው። የእምነት ዕዳ በሒሳብ መዝገብ ላይ ስለማይታይ በጊዜው የቆጠረው አልነበረም።

፬. የመንትዮቹ መለያየት

ስለ ፖስታ የገንዘብ ችግር ሲወራ ብዙ ሰው ነገሩ የተጀመረው በተንቀሳቃሽ ስልክ ይመስለዋል። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። ፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን በአንድ ሚኒስቴር ጥላ ሥር ያደጉ መንትዮች ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን ብድሮች ሲሰጥ፣ 5 ሚሊዮን ዶላር ለአውራ ጎዳና፣ 2 ሚሊዮን ለልማት ባንክ፣ 1 ሚሊዮን ተኩል ደግሞ ለቴሌፎንና ለቴሌግራፍ ተመደበ። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ራሱን ችሎ ቆመ። ገንዘብ የሚያስገባው መንትያ የራሱን ካዝና ይዞ ወጣ፤ ወጪ የሚበዛበት መንትያ በሚኒስቴሩ ቤት ቀረ። ይህ በብዙ አገሮች የታየ መንገድ ነው፤ ውጤቱም በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው።

የፖስታ ሒሳብ እንደ ሌላው ንግድ የማይሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሮውላንድ ሂል ያቀረበው አሳብ በእንግሊዝ አገር በ1840 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል፣ ደብዳቤ ቅርብም ሩቅም ቢሄድ በክብደቱ ልክ አንድ ዋጋ እንዲከፈልበት ተደረገ። ዓለም ሁሉ ይህን ተከተለ። በዚህ ሥርዓት ከአዲስ አበባ አዳማ የሚሄደው ደብዳቤ ትርፍ ያመጣል፤ እስከ ጠረፍ ወረዳ የሚሄደው ኪሳራ ያመጣል፤ የቅርቡ ትርፍ የሩቁን ኪሳራ ይሸፍናል። ቴምብር ማለት እንግዲህ የከተማው ሰው ለገጠሩ ወንድሙ ሳያውቀው የሚያዋጣው ዕቁብ ነው።

ችግሩ የሚመጣው የዕቁቡ ባለ ገንዘብ ሲወጣ ነው። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር፣ ኋላም እስከ ገጠር ሲዳረስ፣ «ለጤናህ እንደምን ነህ» የሚለው ደብዳቤ በአንድ ጥሪ ተተካ። የግል መልእክት አድራሾች ትርፍ ያለበትን የከተማ መሥመር ያዙ። ገንዘብ ማስተላለፍ፣ ቀድሞ የፖስታ ሐዋላ የነበረው፣ ወደ ባንክ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ቴሌብርና መሰሎቹ ሄደ። ወር በገባ ቁጥር በፖስታ ቤት ደጃፍ ይሰለፍ የነበረው ጡረተኛም በብዙ ቦታ ፊቱን ወደ ባንክ አዞረ። ቅርቡና ትርፋማው ሲሄድ ሩቁና አክሳሪው ቀረ።

በዚሁ መካከል የተቋሙ ሕጋዊ አቋም ተለወጠ። በ2009 እ.ኤ.አ. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደ መንግሥት የልማት ድርጅት ተቋቋመ። ይህም በአዋጅ ቁጥር 25/1984 መንፈስ፣ እንደ ነጋዴ ድርጅት ሠርቶ ራሱን እንዲችልና ለባለቤቱ ለመንግሥት ትርፍ እንዲያስገባ ማለት ነው። ግዴታው ግን እንደ አሮጌው ዘመን፣ ለሁሉም በሁሉም ቦታ መድረስ እንደ ሆነ ቀረ። እንደ ነጋዴ እየተመዘነ እንደ መንግሥት እንዲያገለግል የተጠየቀ ተቋም ከሁለት አንዱን ማጉደሉ የማይቀር ነው።

ተቋሙ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ኢትዮ ፖስት በሚል ስም ራሱን አድሷል፤ በፈጣን መልእክትና በጥቅል ዕቃ ላይ አተኩሯል፤ የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ካርድን በማሳተምና በማሠራጨት ሥራም ገብቷል። ይሁንና ሥራው ሲታደስ የሕዝቡ አመለካከት አብሮ በፍጥነት አይታደስም። ሰው ስለ አንድ ተቋም ያለውን አስተያየት የሚሠራው ከማስታወቂያ ሳይሆን ከገዛ ትዝታው ነው።

፭. የሌሎች አገሮች ምስክርነት

የገንዘብ ችግርና የሕዝብ ፍቅር ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ የሌሎች አገሮች ታሪክ ይመሰክራል። የአሜሪካ ፖስታ በ2020 እ.ኤ.አ. የበጀት ዓመት 9.2 ቢሊዮን ዶላር ከሠረ። በዚያው ዓመት ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል የሕዝብ አስተያየት ሲሰበስብ ግን ከመቶ 91 አሜሪካዊ ስለ ፖስታው በጎ አመለካከት ነበረው፤ ከፌደራል መሥሪያ ቤቶች መካከል በቀዳሚነት የሚወደደው ያ ከሳሪ ተቋም ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ፖስተኛው በየቀኑ በር ድረስ ይመጣል፤ ሽማግሌው መድኃኒቱን ከእጁ ይቀበላል።

ዴንማርክ ሌላ ጫፍ ናት። የደብዳቤ ማደል ሥራዋ በ1624 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። በሁለት ሺህ መባቻ 1.4 ቢሊዮን የነበረው የዓመት ደብዳቤ ብዛት በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 110 ሚሊዮን ወረደ። በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. የአገሪቱ ፖስታ ደብዳቤ ማደሉን አቆመ፤ ቀያዮቹ የመንገድ ዳር ሣጥኖችም ተነቀሉ። ይህ የሆነው ግን ዜጋው ሁሉ ማለት ይቻላል መንግሥት የሚልክለትን ጽሑፍ በኮምፒውተርና በስልክ በሚቀበልበት አገር ነው። እዚያም ቢሆን አረጋውያንን የሚወክሉ ማኅበራት ቅሬታቸውን አሰምተዋል።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ለኢትዮጵያ ጠቃሚ ነው። ኪሳራ ብቻውን የሕዝብን ፍቅር አያጠፋም። ፍቅርን የሚያጠፋው ከዓይን መራቅ ነው። በየቀኑ የሚታየው የአሜሪካ ፖስተኛ ከሥሮም ተወደደ። በኢትዮጵያ ግን መምህሩና ተማሪው ከመልእክት ሥራው ሲወጡ፣ ፖስታው ከሕዝቡ ጋር የሚገናኝበት እጅ ተቆረጠ። «ዛሬም አለ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ የጥላቻ ቃል አይደለም። ከቤት ወጥቶ ብዙ ዘመን ወሬው ስላልተሰማ ዘመድ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

፮. አደራውን ማን ይሸከም?

እንግዲህ ወደ መቂ ሹፌር መመለስ ይገባል። ሹፌሩ አደራውን ያለ ቴምብር የሚያደርስ ከሆነ ፖስታ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሹፌሩ ፈጣን ነው፤ ከሞጆ እስከ መቂ የተዘረጋው የፍጥነት መንገድም ይበልጥ አፍጥኖታል።

ነገር ግን የሹፌሩ አደራ ድንበር አለው። ሹፌሩ የሚሄደው ተሳፋሪ ወዳለበት ብቻ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ውስጥ ቀበሌ፣ ወይም በዝዋይ ሐይቅ ላይ ወዳሉት የዘይ ሕዝብ ደሴቶች አይሻገርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሹፌሩ አደራ በመተዋወቅ ላይ የቆመ ነው። እናት የምትሰጠው ስለምታውቀው ነው፤ ወይም እርሷን የሚያውቁ ሰዎች እርሱን ስለሚያውቁት ነው። ለከተማው እንግዳ የሆነ፣ ዘመድ የሌለው፣ ቋንቋውን የማይናገር ሰው ለማን አደራ ይሰጣል? የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የጡረታ ማስረጃ፣ የመታወቂያ ካርድ በማን እጅ ይላካል? ቢጠፋስ ማን ይጠየቅበታል?

ፖስታ የተፈጠረው ለዚህ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች እርስ በርስ አደራ የሚሰጣጡበት ሥርዓት ነው። ላኪው ፖስተኛውን አያውቀውም፤ ፖስተኛው ተቀባዩን አያውቀውም፤ ደብዳቤው ግን ይደርሳል። አንድ አገር አገር የሚሆነው ከዘመድና ከጎረቤት ክበብ ውጭ ያለውን ሰው በዚህ ዓይነት ማመን በተቻለ መጠን ነው። ፖስታ ሲዳከም አገልግሎት ብቻ አይቀንስም፤ እምነት ወደ ዘመድ፣ ወደ ወንዝ ልጅና ወደ ትውውቅ ተመልሶ ይጠብባል። የዚህ ኪሳራ መጠን በብር ተተምኖ አያልቅም።

ስለሆነም ሁለቱ መዝገቦች እንዲገጥሙ ከተፈለገ ሦስት ነገሮች መታሰብ አለባቸው። አንደኛ፣ ንግዱና ግዴታው በሒሳብ ይለዩ። በከተማ በጥቅል ዕቃና በፈጣን መልእክት የሚገኘው እንደ ንግድ ይመዘን፤ ወደ ሩቅ ወረዳ ለመድረስ የሚወጣው ግን እንደ መንገድና እንደ ትምህርት ቤት ወጪ በግልጽ ተጽፎ አገር ይክፈለው። የመንገድ ሥራ ትርፍ አላመጣም ተብሎ ሲወቀስ ተሰምቶ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ተቋሙ በቃሉ ይገኝ። በሦስት ቀን ይደርሳል የተባለው በሦስት ቀን ይድረስ፤ የጠፋው ይጠየቅ፤ ጠያቂውም መልስ ያግኝ። የቴዎድሮስ ደብዳቤ እንዳስተማረው ከመጥፋት ይልቅ የሚያቆስለው ዝምታ ነው። ሦስተኛ፣ መምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው የድሮ ድርሻቸውን ይመልሱ። በየቤቱ ሣጥን የተጠቀለሉት የሠራተኛው፣ የዘማቹ፣ የወታደሩና የስደተኛው ደብዳቤዎች የሰፊው ሕዝብ የታሪክ መዝገብ ናቸው፤ ምስጥ ሳይበላቸው በባለቤቶቻቸው ፈቃድ ሊሰበሰቡና ሊጠኑ ይገባል። የስልክ ወሬ ለልጅ ልጅ አይተላለፍም።

ከጥንት «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። «አደራ በላ» መባልም በዚህ አገር ከከባድ ስድብ የሚቆጠር ነው። ፖስታ ቤት በቁጥር ተመዝግቦ፣ ተፈርሞበት፣ በኃላፊነት የሚላከውን ደብዳቤ በአማርኛ ለመሰየም ሲፈልግ አዲስ ቃል አልፈጠረም፤ «የአደራ ደብዳቤ» አለው። ቃሉን የተበደረው ከሕዝብ ነው፤ ከመቂዋ እናትና ከሹፌሩ አፍ። ይህ ብድር በየትኛውም ዓመታዊ ሒሳብ ላይ ተጽፎ አልተገኘም። የሚከፈለውም አንድ ደብዳቤ አንድ ሩቅ ደጃፍ በደረሰ ቁጥር፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው።